ደመናው መጣ

ከጓደኛዬ ጋር አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያንን በስልክ የሚያስጎበኝ መተግበሪያ እየሠራን ነበር። የፀሐዩን ብርሃንና ጥላ ስልኩ ብቻውን አስልቶ አይዘልቀውም፤ ሩቅ ያሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ያሰሉና በኔትወርክ ይልኩለታል። ይህን ክላውድ የሚሉትን ነገር እኛ «ደመናው» እንለዋለን። ጦሱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ወላጆቼን ልጠይቅ አርብ ገበያ አካባቢ ብሄድ፣ ኔትወርክ ያገኘሁት ከጎረቤታችን ከአያ ደሴ አውድማ አጠገብ ብቻ ነው። ደንበኛችን ሥራውን ሊያይ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል፤ ስልኬ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግን ድፍን ጨለማ ነው። ድንገት ብርሃኑ ቦግ ሲል፣ መስመር ላይ ላለው ጓደኛዬ «ደመናው መጣ! ደመናው መጣ!» ብዬ ጮህኩ።

ቀና ስል ገብስ የሚወቃበት አውድማ ታምሷል። አንዱ በሬዎቹን ያስወጣል፣ ሌላው ገብሱን በሸራም በጋቢም ይሸፍናል። ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል። ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አያ ደሴ የአውድማ መንሻቸውን እንደያዙ መጡ።

«የታለ ደመናው?»

«እዚህ ውስጥ ነው፣ አያ» ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው።

ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ የቅዳሴ ኅብስት የሚዘጋጅባትን ትንሽ ቤት በጣታቸው ጠቆሙ።

«ቤተ ልሔሟ ይቺ ናት?»

«አዎ።»

«እዚህ ውስጥ ስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት አንድ ሰዓት።»

«ቤተ ልሔም የሚሠራው በምሥራቅ ነው። ታዲያ የቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ለምን እሷ ላይ ወደቀ? ልጄ፣ ደመናህ ፀሐይዋን በምዕራብ አውጥቷታል። ቶሎ መልሳት፤ እኛም ገብሳችንን እንግለጥ።»