የዛንዚባር በጋ

ክረምት ለሌላው ሰው ወቅት ነው፤ ለእኔ ገበያ ነው። ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ባለችው ሱቄ የምሸጠው ዣንጥላ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቦት ጫማና በሜትር የሚቆረጥ ላስቲክ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ዝንብ እሽ እላለሁ። ፀሐይ የከረረችበት ሰው አልፎ አልፎ ዣንጥላ ይገዛኛል፣ እሱም እስክሰለች ተከራክሮ። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲወርድ ግን ሚኒባስ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ እኔ ደጅ ይጠለላል። የተጠለለ ሰው ደግሞ ብዙ አይከራከርም። እኔም አልጎተጉተውም። ዝም ብዬ አንድ ዣንጥላ ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ። ያ ድምፅ ከእኔ አፍ ይልቅ ይሸጣል።

ይህን የማወራው ባለቤቴን ባሕር ላሳያት ቃል ስገባ በምን ስሌት እንደነበር እንዲገባችሁ ነው።

ለፋሲካ ምሳ ወንድሟ ቤት፣ ሳንሱሲ ተጠርተን ነበር። ዶሮው ተበልቶ ሁሉም ሶፋው ላይ እንደተዘረጋ ቴሌቪዥኑ ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውሃ ያሳይ ጀመር። ዛንዚባር ነው አሉ። ባለቤቴ ዓይኗን ሳትነቅል፣ "እኔኮ ባሕር አይቼ አላውቅም" አለች። ሐይቅ አይታለች፤ ሐዋሳ ለሠርግ ሄደን አሳ በልተን ተመልሰናል። ባሕር ግን የለም። ወንድሟ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። በሰው ቤት፣ በሰው ዶሮ ጠግቦ የተቀመጠ ሰው ደግሞ መልስ ይጠበቅበታል።

"በበጋ እወስዳታለሁ" አልኩ።

ሚያዝያ ነበር። በጋው ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው፤ የሚቀጥለው በጋ እስኪመጣ ክረምቱ አለ፣ ዘመን መለወጫ አለ፣ መስቀል አለ። በዚያ ሁሉ መሃል ስንት ቃል ሲረሳ አይቻለሁ። ደግሞስ ባይረሳ፣ በበጋ እኔ ሥራ ፈት ነኝ፤ ብሄድ የሚጎዳኝ የለም። በሁለቱም በኩል አትራፊ ነበርኩ። ወንድሟ "ሰምቻለሁ" አለ፣ እንደ ውል ሽማግሌ። እኔም ደስ ብሎኝ ጠጄን ጨለጥኩ።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ ምሳ ላይ ባለቤቴ በጋው መቼ እንደሆነ ማጣራታቸውን ነገረችኝ። ያጣሩት እሷና ልጃችን ናቸው። ልጃችን ትምህርቷን ጨርሳ ቢሮ ገብታለች፤ ስልኳ የማያውቀው ነገር የለም። እኔ ሳቅሁ። በጋ መቼ እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል እንዴ አልኩ።

"የዛንዚባር" አለች ባለቤቴ።

ልጄ ስልኳን ወደ እኔ አዞረች። ትልቁ ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል አለችኝ። ከዚያ ሰኔ ላይ ሰማዩ ይጠራል፣ እስከ መስከረም እንደጠራ ይቆያል። ሐምሌ ዋናው ነው፤ አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ። እኛ ዘንድ ሰማይ ሲቀደድ እነሱ ዘንድ አሸዋው ይሞቃል።

"እኔ ያልኩት የኛን በጋ ነው" አልኩ።

"በጋ ነው ያልከው። የኛ አላልክም።"

"ወንድምሽን ጠይቂው።"

"ጠይቄዋለሁ። በጋ ነው ያለው አለኝ።"

ልጄ ሳቋን በእንጀራ ደበቀች። ባለቤቴን ይህን ሙያ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ሱቅ ውስጥ ሰው ዣንጥላ አንሥቶ "ዝናብ ያስገባል?" ብሎ ይጠይቀኛል። "ጠብታ አያስገባም" እላለሁ። በሳምንቱ ነፋስ ገልብጦት፣ ሽቦው ተሰባብሮ ይዞት ሲመጣ፣ የጠየቁኝ ስለ ዝናብ እንጂ ስለ ነፋስ አይደለም እለዋለሁ። ይህንኑ ማታ ቤት ገብቼ እየሳቅሁ ስንቴ አውርቼላታለሁ። እሷ ለካ እየሳቀች ትማር ነበር።

የተሸነፍኩ መስሏቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ሌላ ዕቃ እየፈለግሁ ነበር። ገበያ ስለሌለ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ የዛንዚባርን አየር ከዛንዚባሮች በላይ አጠናሁ። አገኘሁም። በትንሹ ዝናባቸውና በትልቁ መሃል፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ሌላ ደረቅ ጊዜ አላቸው። ሙቀቱ ትንሽ ይበረታል እንጂ ባሕሩ ያው ባሕር ነው። ጥር ደግሞ ለእኔ የሞተ ወር ነው። ይህን ግኝት ደህና ስሜት ላይ ያለችበት ጊዜ ጠብቄ አንድ ቅዳሜ አቀረብኩላት።

እስክጨርስ ሰማችኝ። አንዴም አላቋረጠችኝም። መጥፎ ምልክት መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

"ጥርማ እዚህም ፀሐይ ነው" አለች። "ፀሐይ ትቼ ፀሐይ ፍለጋ ልሂድ?"

"ባሕር ለማየት ነዋ።"

"ባሕሩ ይቆየኝ። እኔ የምፈልገው አንድ ሐምሌ ነው።"

ሳህን እየሰበሰበች ነው የነገረችኝ፣ ስለ ጎረቤት እንደምታወራ ሆና። ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ዳገት ላይ ነው፤ ኮብልስቶኑ እስከ መንገዱ ግማሽ መጥቶ ደክሞት ቆሟል። ከዚያ ወዲያ በሐምሌ ያለው ጭቃ ነው። ከገበያ ስትመለስ አንድ እጇ ዘንቢል፣ አንድ እጇ የሰው አጥር ይዞ ነው የምትወጣው። ያጠበችው ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል። ጉልበቷን ብርዱ ሲይዛት እስከ መስከረም አይለቃትም። እኔ ደግሞ እሁድም እከፍታለሁና የለሁም። ከተጋባን ጀምሮ ያሉትን ክረምቶች ሁሉ ብቻዋን ነው የገፋቻቸው፤ እኔ ማታ ማታ ላስቲክ ላስቲክ እየሸተትኩ እመጣና ገበያው እንዴት እንደደራ አወራላታለሁ።

ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ጭቃውን እኔም እረግጠዋለሁ። የማላውቀውን መጨረሻ ላይ ነገረችኝ።

"ሰማዩ ሲጠቁር ታፏጫለህ" አለችኝ።

"ማን፣ እኔ?"

"አውቀኸው አይደለም። እኔ ልብስ ላስገባ ስሮጥ አንተ በር ላይ ቆመህ ሽቅብ እያየህ ታፏጫለህ።"

ተቆጥታ ብትለው መልስ አላጣም ነበር። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔም ስቄ አለፍኩት። በዚያው ሳምንት ግን አንድ ከሰዓት ሱቅ ደጅ ቆሜ ሳለ፣ ያለ ወቅቱ የመጣ ጥቁር ደመና ከመናገሻ በኩል ብቅ አለ። ከንፈሬን ለፉጨት ሾሎ አገኘሁት። ማንም አላየኝም፤ ቢሆንም እንደተያዘ ሌባ አፌን በእጄ ሸፈንኩ። ሐምሌን እንደምሰጣት ያወቅሁት ያኔ ነው።

መስጠቱ ቀላል ነው፤ ሱቁን ምን አባቴ ላድርገው? በሐምሌ የተዘጋ የዣንጥላ ሱቅ እንደገና ቢከፈትም ደንበኛው መንገድ ተሻግሮ ሌላ ተላምዶ ይጠብቀዋል። የሚያምኑት ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ በንግድ የማምነው ሰው አልነበረኝም።

ከጎኔ ጀሪካን፣ በርሜልና ሳፋ የሚሸጡ ጎረቤት አሉኝ። የጉራጌ እናት ናቸው፣ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ እትዬ ነው የምላቸው። የሳቸው ገበያ የእኔ ግልባጭ ነው። በጋ ላይ ቧንቧ ሲደርቅ ሰው ጀሪካን ይሻማባቸዋል፤ ክረምት ላይ ሁሉም ያለውን ባልዲ ጣሪያው ሥር ደግኖ ስለሚቀመጥ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። እኔ ደመና ስለምን እሳቸው ፀሐይ ይለምናሉ። እግዚአብሔር በየተራ ይሰማናል። ጎን ለጎን ስንኖር አንዳችን ሲደክም ሌላችን ሥራ እንደሚፈታ አስቤው አላውቅም ነበር። አስቤው ቢሆን እንኳ ሱቄን አልሰጣቸውም፤ ዕቃዬን ከየት እንደማመጣ ያውቁብኛል።

ወሬውን ከሩቅ ጀመርኩት።

"እንዴት ነው፣ እትዬ፣ ሐምሌ ላይ ገበያዎ?"

"ታውቀው የለ። ምን ፈልገህ ነው?"

ነገርኳቸው። ደሴቱን፣ በጋ ያልኩትን ቃል፣ ጭቃውን። ፉጨቱን ብቻ ተውኩት። ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ።

"ከየት እንደምታመጣው እንዳላይብህ ነው እንዲህ የምትሽኮረመመው?" አሉኝ። "አንተ ልጅ፣ ድሮ ነው የማውቀው። መርካቶ ያለው ሰውዬ የወንድሜ አማች ነው።"

አሥር ጊዜ እየዞርኩ፣ በሌላ በር እየገባሁ የደበቅሁት ሰውዬ የወንድማቸው አማች ነው። እሺ አሉኝ፤ ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ነበር። በየዓመቱ ለመስቀል አገር ቤት ሲሄዱ ሱቃቸው ይዘጋል፤ በሚመጣው መስቀል እኔ እቆምላቸዋለሁ። ተጨባበጥን።

ቀጥሎ ቀን መምረጥ መጣ። አንዲት የጉዞ ወኪል ቢሮ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። እኔ እንደ ልማዴ ቀድሜ ገባሁ፤ ክረምት ነውና ማን ይሄዳል፣ ቅናሽ ይኖራል አልኳት ለምታስተናግደን ልጅ። ልጅቷ በትሕትና ፈገግ አለች። ሐምሌ እዚያ ደረቅ ስለሆነ ዓለም ሁሉ የሚጎርፈው ያኔ ነው፣ ከዓመቱ ሁሉ የሚወደደውም ያኔ ነው አለችኝ። ደመና ሲመጣ ዋጋ የሚጨምረው ሰውዬ እኔ ብቻ አለመሆኔን አየሁ፤ ደመና ሲሄድ የሚጨምሩም አሉ። ደንበኛ ሆኜ ሳየው ሥራው ያን ያህል ደስ አይልም። ለሙያው ግን አክብሮት አለኝና አልተከራከርኩም። ባለቤቴ ገርሟት አየችኝ።

ልጅቷ የጁላይ መጀመሪያ ቢሆን ይሻላል፣ ቦታ አለ አለች። እኔ እሺ ልል ነበር። ባለቤቴ ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደላድላ፣ በኛ አቆጣጠር ስንት ይሆናል አለቻት። ተቆጠረ፤ ሰኔ ሆኖ ተገኘ፣ ያውም የሐዋርያት ጾም ሳይፈታ።

"ከሐምሌ አምስት በኋላ፣ ከፍልሰታ በፊት" አለች ባለቤቴ። "ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ባሕር ዳር ሽሮ አልበላም።"

ልጅቷ የግድግዳውን ካላንደር አውርዳ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን እየቆጠረች ቀኑን አወጣችልን። በሁለቱ ጾሞች መሃል ያለው ክፍተት የኛ ሆነ። ባለቤቴ ቲኬቱን ተቀብላ በኛም አቆጣጠር በእስክሪብቶ ጻፈችበት፤ ሐምሌ የሚለውን ከሌላው አጉልታ።

ሰኔ ገባ። እትዬ ሥራውን እንዲለምዱ አንዳንድ ከሰዓት ከእኔ ጋር ይቆሙ ጀመር። ከፍቶ መዝጋቱን አሳየኋቸው፣ ዝም ማለቱን አስተማርኳቸው። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ርካሹን አንሥታ "ይሄ ነፋስ ይችላል?" አለች። መልሴን ላወጣ አፌን ስከፍት እትዬ ቀደሙኝ። አይችልም፣ ያኛው ነው የሚችለው አሏት። ሴትዮዋ ሳትከራከር ውዱን ገዝታ ሄደች። እትዬ ሳፋቸውን ሊያስገቡ ወጡ። የዕድሜ ልክ ዘዴዬ በአንድ "አይችልም" ሲረታ ማየት ትንሽ ያማል። ትንሽ ብቻ፤ ውዱ ነው የተሸጠው።

በሚቀጥለው እሁድ እስቲ ብቻዎን ይሞክሩት ብዬ ቤት ዋልኩ። በክረምት እሁድ ቤቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ ለመነጋገር ድምፅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ሻንጣ ከፍታ ልብስ ታጥፋለች። ገና ሳምንታት ይቀሩናል፤ እሷ ግን አጥፋ ትጨርስና አውጥታ እንደገና ታጥፋለች።

"ዋና ትችላለህ?" አለችኝ ድንገት።

"አልችልም። አንቺስ?"

"እኔ የት ተምሬ?"

ተያየን። ዝናቡን፣ ጾሙን፣ ሱቁን፣ ሁሉን አስበናል። ይህን ማናችንም አላሰብነውም።

"ታዲያ እዚያ ሄደን ምን ልንሠራ ነው?" አልኩ።

"ቁጭ እንላለን።" ቀሚሱን አጥፋ አስገባችው። "መቀመጥ ትችላለህ?"

ምንም ሳይሸጡ፣ ማንንም ሳይጠብቁ፣ እንዲሁ ከሚስት ጋር ቀኑን ሙሉ መቀመጥ። ከልቤ አሰብኩበት።

"እሞክራለሁ" አልኩ።

ሻንጣውን ወደ ዳር ገፋ አድርጋ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ላይ 18 ማዞሪያ ማን እንደተጠለለ፣ እትዬ የትኛውን እንዳወጡ በሐሳቤ እየሄድኩ እመለስ ነበር። ኋላ ልብስ ታቀብለኝ ጀመር፤ እኔም እንዳሳየችኝ እጅጌውን ወደ ውስጥ እያጠፍኩ እመልስላታለሁ፣ እሷም እኔ ያጠፍኩትን ፈትታ እንደገና ታጥፈዋለች። ዝናቡ እስኪያባራ እንዲያ ተቀመጥን።