ጀልባው ላይ የቀረው አባት

አጎቴ በሩ ሲንኳኳ የሥዕል ብሩሹን አስቀምጦ "መጣሁ" ይለኝ ነበር፤ ቶሎ ግን አይመጣም። ከደርግ ሸሽቶ ናይሮቢ የሚገባ ሁሉ ኪሊማኒ ያለውን ቤታችንን ያውቃል። ለአንዱ ማደሪያ፣ ለሌላው ሐኪም ፍለጋ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍሮ ይሄዳል። እኔ፣ በዕድሜዬ ዘግይቼ ትምህርት የጀመርኩት፣ ሊያስጠናኝ የገለጥነውን መጽሐፍ ታቅፌ እቀራለሁ። በእንግዶቹ እቀና ነበር።

አንድ ጊዜ አጎቴ ጌታ ዓሣ አጥማጆቹን ሲጠራ የሚያሳይ ሥዕል ሣለ። ያዕቆብና ዮሐንስ መረባቸውን ትተው ሲከተሉት አባታቸው ዘብዴዎስ ጀልባው ላይ ቀርቷል። ፊቱ በጎን፣ በአንድ ዓይን ነበር የተሣለው።

"ጋሼ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ሰው አይደል?"

"አልተከተለማ፣ አንቺ ልጅ።"

"መቼ ተጠራና? ልጆቹን ተቀማ እንጂ!"

"ጠበቃ ቆምሽለት!" ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ግን የሽማግሌውን ፊት ወደኛ አዙሮ ሁለት ዓይን ሣለለት።

አጎቴን ባለፈው ሳምንት ቀበርነው። የማላውቃቸው ሰዎች "አባቴ" እያሉ ሲያለቅሱ በእንባቸው እንኳ ቀናሁ። "የጠራው ጌታ ነው፣ ተጽናኚ" ይሉኛል። አውቃለሁ፤ ጌታ በር አንኳኩቶ ሲጠራው መቼ ዘግይቶ ያውቃል? አሁን ሲሄድ ግን "መጣሁ" አላለኝም። መጽሐፌን ገልጬ ሥዕሉ ፊት ስቀመጥ፣ እኔና ዘብዴዎስ ዓይን ለዓይን እንተያያለን።