በአስናቀች ግቢ የቀረው ጆንያ

ቅዳሜ ጠዋት ቆላ ድባ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው ከሰው ይልቅ የሚበዛበት አህያ ነው። ከየገጠሩ የመጣው አህያ እህሉን ካራገፈ በኋላ የሚውልበት ቦታ ይፈልጋል። ገበያ መሀል ቢለቁት የሰው ሽንብራ ይበላል፣ መንገድ ዳር ቢያስሩት ባጃጅ ይገጨዋል። ስለዚህ ከገበያው ጀርባ አህያ የሚያውሉ ግቢዎች አሉ፤ ከሁሉም ስሙ የወጣው የአስናቀች ግቢ ነው። እኔ ምስጋናው ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት ከአስናቀች በር ፊት ለፊት ካለው በረንዳ ላይ ስለሆነ፣ ያቺን ግቢ ሳላይ የዋልኩባቸው ቀናት የታመምኩባቸው ብቻ ናቸው። ሰዎች ወሬ ይወዳል ይሉኛል። በረንዳ ላይ የሚሠራ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይስፋ?

አስናቀች ባሏ የሞተባት ገና በወጣትነቷ ነው። ግቢውን ከአማቷ ወረሰች፤ ከግቢው ጋር ደንቡንም ወረሰች። ደንቡ እንዲህ ነው። ባለቤቱ አህያውን ራሱ ያስራል። ከገበያ የገዛውን ዕቃ እያመጣ ከችካሉ ሥር በገዛ እጁ ያስቀምጣል፣ ሲሄድም በገዛ እጁ ያነሳል። አስናቀች አትነካም፤ ምን እንደሆነም አትጠይቅም። የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መልክ እያየች ታስገባለች፣ መልክ እያየች ታስወጣለች። አንድ ቀን አንዱ ገበሬ ያስቀመጠው ማር መሆኑን ሊነግራት ሲጀምር ጆሮዋን ይዛ፣ «እኔ ምን አገባኝ፤ ዝንቡ ይወቀው» ብላ አሳቀችን። የሙሽራ ጥሎሽ፣ የተስካር ቅመም፣ ለቤተ ክርስቲያን የተገዛ ጃንጥላ፣ ሁሉም እዚያ ውሏል። ቄሱም፣ እጁ ረጅም ነው የሚባለውም ሰውዬ ዕቃቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይሄዳሉ። ከዚያ ግቢ መርፌ ጠፋ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

በተረፈ ግን አስናቀች ፈሪ ናት። እየዋሸሁ አይደለም፣ ራሷም ትናገራለች። ነጎድጓድ ትፈራለች፣ ባጃጅ ትፈራለች፣ የሰው ስልክ ድንገት ሲጮህ ደረቷን ትይዛለች። በፊት በዚህ እንቀልድባት ነበር። ዘመኑ እንዲህ ከሆነ ወዲህ ግን ሁላችንም እሷን ሆነናል። ተኩስ ተሰማ ሲባል ሱቅ ይዘጋል፤ ካልተሰማ ደግሞ ዛሬስ ምነው ዝም አለ ብለን እንሰጋለን። ስልኩ አንድ ሰሞን ይሠራል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። የማናውቀው ሰው ሲያልፍ ጨዋታችንን እናቆማለን።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል በአንዱ ቅዳሜ አንድ ጎረምሳ አህያ እየነዳ መጣ። አስናቀች አታውቀውም፣ እኔም አላውቀውም። አህያዋን አሰረ፤ ከላይዋ ላይ አንድ ከባድ ጆንያ አውርዶ ከችካሉ ሥር አጋደመው። ጆንያው መሬት ሲነካ ኳ አለ። «እትዬ፣ መጣሁ» ብሏት ወደ ገበያው ገባ። እሷም እንደ ደንቧ አንገቷን ነቀነቀችለት።

ፀሐይ አናት ላይ ከመድረሷ በፊት አንድ ነገር ጮኸ። እስከ ዛሬ አንዱ ተኩስ ነው ይላል፣ ሌላው የጭነት መኪና ጎማ ነው የፈነዳው ይላል። በዚያን ሰዓት የጠየቀ ግን አልነበረም። ገበያው በአንድ ጊዜ ተበተነ። ጤፍ እንደተዘረጋ ተረገጠ፣ በርበሬ ተደፋ፣ ሴቶች ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ ሮጡ። እኔ የስፌት መኪናዬ ሥር ነበርኩ፤ ጎልማሳ ሰው እዚያ ሥር እንዴት እንደሚገባ እኔም ገርሞኛል። ከዚያ ሆኜ ሰዉ ወደ አስናቀች ግቢ እየገባ አህያውን ፈትቶ ሲወጣ አየሁ። እሷ ከበሩ ድንጋይ አልተነሳችም። እየተንቀጠቀጠች፣ የእያንዳንዱን ሰው መልክ እያየች አስወጣች። ሁሉም የየራሱን ይዞ ሄደ። የቀሩት የዚያ ጎረምሳ አህያና ጆንያው ናቸው።

እሁድ አልመጣም። ሰኞም አልመጣም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲጠቁር ጆንያው እንዳይበሰብስ ወደ ዳሱ ልታስገባው አሰበችና እድሜ ልኳን ያላደረገችውን አደረገች፤ የሰው ዕቃ ነካች። ስትጎትተው ከውስጥ ብረት ከብረት ጋር ተጋጨ። ወዲያው ለቀቀችውና ጎረቤቷን እቴነሽን ጠራች።

እቴነሽ ጨው ነጋዴ ናት፤ ደፋር ናት፣ ምላሷም ከምትሸጠው ጨው ያላነሰ ነው። ጆንያውን ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው።

«ረጃጅም ነገር ነው» አለች። «ብረት ነው፣ ጭድ ተጠቅልሎበታል። ሸጋ ነገር ቢሆን ኖሮ ምነው በጭድ ይሸፈናል?»

እኔንም ጠሩኝና ዳበስኩት። ብረት ነው፣ ብዙ ነው፤ ከዚህ በላይ ማወቅ አልፈለግሁም። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ። ሦስታችንም በልባችን ያሰብነው ያው ጠመንጃ ነበር፤ ቃሉን ከአፉ ያወጣ ግን አልነበረም።

«ፍቺውና እንየው» አለቻት እቴነሽ።

«የሰው አደራ አልፈታም።»

«እንግዲያው ቀበሌ ሂጂና ተናገሪ።»

«ሄጄ ምን ልበል? ማን ሰጠሽ ቢሉኝ ማንን ልጥራ? እሽ፣ ተናገርኩ እንበል፤ ነገ ባለቤቱ መጥቶ አደራዬን የት አደረስሽው ቢለኝስ?»

ፈትታው ያሰብነው ሆኖ ቢገኝ አየች ማለት ነው፤ ካየች ደግሞ አላየሁም ማለት አትችልም። ዝም ብትል በቤቷ ይገኛል። ብትናገር ባለቤቱ አለ፤ ማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሆነ አናውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አስናቀች እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። ውሻ በጮኸ ቁጥር ትነሳለች። አህያዋን ግን ጭዱንም ውሃውንም ሳታጓድል ቀለበቻት፤ አህያ ምን አጠፋች እያለች።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ከላይኛው ሰፈር ቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ የሚል ወሬ ወረደ። እቴነሽ ሚዛኗን ጥላ ወደ አስናቀች ግቢ ስትሮጥ አየኋት። ቀጥሎ ያየሁት ሁለቱ ጆንያውን በጫፍና በጫፍ ይዘው በግቢው ወዳለው የውሃ ጉድጓድ ሲያዘግሙ ነው። አስናቀች ከአፉ ደርሳ ቆመች፤ አልለቅም አለች። እቴነሽ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ከዚያ ውሃው ሲጮህ ሰማሁ። እቴነሽ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። እኔም መዝጋት አምሮኝ ነበር፤ ግን በረንዳ በር የለውም።

ፈታሾቹ ብዙም ሳይቆዩ መጡ። ጭዱን ገለበጡ፣ ዳሱን አዩ፣ የአህያዋን ችካል ሳይቀር ነቀነቁ። ምንም አላገኙም። ሊወጡ ሲሉ ከመካከላቸው አንዱ፣ ገና ልጅ ነው፣ ላብ አጥምቆታል፣ «እናቴ፣ ውሃ አይጠጣም?» አላት።

ውሃ ያለው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። አስናቀች ገመዱን ያዘች። ክረምቱ ገና ስላልገባ የጉድጓዱ ውሃ አንሷል። ባልዲው ወረደ፣ ወረደና ታች ሲደርስ ኳ አለ። እንደዚያ ያለ ድምፅ በሕይወቴ አልሰማሁም። ልጁ ወደ ጉድጓዱ ጠጋ አለ።

«ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው ልጄ» አለች። «ውሃው አንሷል።»

ባልዲውን ሳብ አደረገችና በጣሳ ቀድታ ሰጠችው። ጠጣ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት፣ ሄዱ። እኔ መቀሴን ጨብጬ ቀርቼ ጣቴን ቆርጬ ኖሯል፤ ደሙን ሳይ ነው ያወቅሁት።

ሄጄ ሳያት ከጉድጓዱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጥርሷ እርስ በርሱ ይጋጫል። እንኳን ተረፍሽ አልኳት። አልሰማችኝም።

«ምስጋናው፣ አደራ በላሁ» አለችኝ። «የሰው አደራ በላሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ገበያው እንደ ነገሩ ቆመ። አያ አዘዘ በትራቸውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን እያሹ መጡ። አያ አዘዘ የግቢው የቆየ ደንበኛ ናቸው፤ አማቷ በሕይወት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ አህያቸውን እዚያ ሲያስሩ የኖሩ ሽማግሌ። ገና ከበሩ ሲገቡ ያቺን አህያ አይተው ሳቁ።

«ሸጋ አርገሽ ቀልበሻታል፤ ወፍራለች እኮ» አሉ። «ያ ጎረምሳ ቻላቸው የእህቴ ልጅ ነው፤ አህያዋ የሱ ናት። እኔ ጉልበቴን አሞኝ እሱን ላክሁት። ያን ቀን ከሰው ጋር ሲሮጥ ቦይ ገብቶ እግሩ ተሰብሮ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል። ስልክም አልነበረ፣ ይኸው ትናንት ነው ወሬው የደረሰን።»

አስናቀች ፈጥና ጠየቀች። «ጆንያውስ፣ አያ አዘዘ?»

«ማረሻችን ነዋ። የመንደሩን ማረሻ ሁሉ ሰብስቦ ቀጥቃጭ ዘንድ አስቀጥቅጦ ይመለስ ነበር። እኔ ድሮ በጠፍር አስሬ ነበር የማመጣው፤ እሱ ጫፉ አህያዋን እንዳይወጋት ብሎ በጭድ ጠቅልሎታል አሉኝ። ዝናቡ ጀመረ፣ ማረሻችን የት ገባ ብለው ሰዎቹ ሲጨቀጭቁኝ፣ አስናቀች ዘንድ ከሆነ ከቤታችሁ አለ ማለት ነው፣ ተኙ አልኳቸው። እኔም ተኛሁ።»

አስናቀች የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መዳበሱንም፣ ፍተሻውንም፣ ጉድጓዱንም። ምንም አልደበቀችም። ሽማግሌው በትራቸው ላይ ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሟት። እኔ ስድብ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጉድጓዱ ሄደው ቁልቁል አዩና፣ «ጥልቅ ነው?» ብቻ አሉ።

ሜንጦና ገመድ ተፈልጎ መጣ። ሰው ተረባርቦ ጆንያውን አወጣነው። ጭዱ አብጧል፣ ጭቃ ጠጥቷል፤ ማረሻዎቹ ግን አንድም አልጎደሉም። አያ አዘዘ አንዱን በነጠላቸው ጠርገው አገላብጠው አዩት።

«ብረት ነው፤ ውሃ ምን ያረገዋል» አሉ። «አይዞሽ። እኔም ብሆን ከዚሁ እጥለው ነበር።»

አስናቀች እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት። እቴነሽ እንኳ ያን ቀን አለቀሰች፤ እኔን ግን አላለቀስክም ብትሉኝ አልከራከርም። ጭነው ሄዱ። ነገሩ በዚህ አበቃ ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ገበያ አያ አዘዘ የራሳቸውን አህያ እየነዱ መጡ። አስናቀች ከሩቅ አይታ ከድንጋዩ ተነሳች፤ ፊቷ በራ። አህያቸውን እንደ ወትሮው አስረው ወጡ። ቆይተው የዘር ጤፍ ገዝተው ጆንያውን በትከሻቸው ተሸክመው ብቅ አሉ፤ ግን ወደ ግቢው አልገቡም። ተሸክመው ወደ ጨው ተራ ሄዱ፣ ተሸክመው ወደ ጌሾ ተራ ሄዱ። ከዚያ የተቀደደ ኮታቸውን ሊያሰፉ እኔ ዘንድ መጥተው፣ ጆንያውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል አድርገው ተቀመጡ። ያ የሚያማቸው ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ላባቸው በአገጫቸው ይወርዳል።

አስናቀች መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«አያ አዘዘ፣ ምነው ተሸክመው ይዞራሉ? ከችካሉ ሥር አያስቀምጡትም?»

«ግድየለም፣ ቀላል ነው።»

«ቀላል አይዶለም። አያለሁ እኮ።»

እኔ መኪናዬን አቆምኩ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ያሳዘነኝም እሱ ነው።

«ልጄ፣ ትሰርቂያለሽ ብዬ አይዶለም» አሉ። «እሱንማ ማንም አይልሽም። ትፈሪያለሽ ብዬ ነው።»

ሌላ ሴት ብትሆን ትቆጣ ነበር፣ ወይ ታለቅስ ነበር። አስናቀች ጆንያውን አየችው፣ የሽማግሌውን ጉልበት አየችው።

«እውነትዎን ነው» አለች። «እፈራለሁ።»