ሦስቱ ልቦች

ጅጅጋ ባስተማርኩባቸው ዓመታት በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የምንኖር መምህራን ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና አንድ ከጎንደር የመጡ አንጋፋ የፊዚክስ መምህር። ጋሼ ነበር የምላቸው። በአንድ የሴሚስተር ዕረፍት ርእሰ መምህሩ ጠርቶን፣ የፈተና ወረቀት የተቆለፈበት ክፍል ባዶ ግቢ ውስጥ እንደማይተው፣ ከሁለታችን አንዱ መቅረት እንዳለበት ነገረን። ማን እንደሚቀር እኛው እንድንስማማ ተወልን።

አልተስማማንም። እኔ ድሬዳዋ ያለችው ባለቤቴ ወንድ ልጅ ወልዳልኝ ክርስትናው ደርሶ ነበር። ልጁን ገና አላየሁትም። ጋሼ ደግሞ ሐረር ጉዳይ አለኝ ከማለት በቀር ምንም አልተነፈሱም። ሁለት ቀን ተኳርፈን ከዋልን በኋላ በፖከር ይለይ ያሉት እሳቸው ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ተጫውተናል። ካርታውን እንዲያድል ከተማ ውስጥ የሚኖረውን የሶማሊኛ መምህር ጠራነው።

ለእያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ፍሬ ሽምብራ ተቆጠረልን፤ ሽምብራው ያለቀበት ይቀራል። ከቀትር በኋላ ጀምረን፣ አሥር ሰዓት ሲሆን እኔ ጋ ዘጠኝ ፍሬ ቀርቶ ነበር። ያኔ ንጉሥና አስ ደረሱኝ፤ ሁለቱም ጥቁር።

በእኛ አጨዋወት እያንዳንዱ ሁለት ካርታ ደብቆ ይይዛል። መሃል የሚገለጡት አምስቱ የጋራ ናቸው። መጀመሪያ ንጉሥ፣ ከዚያ ቀይ የልብ ሥዕል ያለባቸው ዘጠኝና አራት ተገለጡ። ጥቂት ሽምብራ ጨመርኩ፤ ጋሼ ዝም ብለው ተከተሉኝ። አራተኛው ሌላ ዘጠኝ ሆነ። አሁንም ተከተሉኝ። የመጨረሻው ሁለት ቁጥር፣ እሱም ልብ ነበር። ጋሼ የካርታዎቻቸውን ጫፍ ቀና አድርገው አዩና ሽምብራቸውን በሙሉ ወደ መሃል ገፉት።

እኔ ጥንድ ንጉሥና ጥንድ ዘጠኝ አለኝ። ምን ቢይዙ ነው የሚያሸንፉኝ? ዘጠኝ ከያዙ ሦስት ዘጠኝ ይሆንላቸዋል። ግን ጋሼ ጥሩ ካርታ ይዘው መታገሥ አይችሉም፤ ሁለተኛው ዘጠኝ እንደወጣ በጨመሩ ነበር። የሚያስፈራው የያዟቸው ሁለቱም ካርታዎች ልብ ከሆኑ ነው። መሃል ካሉት ሦስት ልቦች ጋር አምስት ልብ ይሞላላቸውና የእኔን ሁለት ጥንድ ይበልጣል፤ እስከዚያ ዝም ብለው መከተላቸውም፣ ሦስተኛው ልብ ሲመጣ መግፋታቸውም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ካርታዬን ልጥል እጄን አነሳሁ። ያኔ ነው ጫፉን ቀና አድርገው ማየታቸው ትዝ ያለኝ። ልብ ሲጠብቅ የቆየ ሰው የያዘውን ያውቃል፣ ለምን ደግሞ ያያል? ደግሞ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሥዕሉን ዓይነት ያላስተዋለ ሰው ነው።

ጋሼ ጠረጴዛውን እንጂ እኔን አያዩም።

«ይታይ» አልኩ። የቀረኝን ሽምብራ በሙሉ ወደ መሃል ገፋሁ።

ጋሼ ሁለት ንግሥት ገለጡ። አንድም ልብ የለም። የእኔን ያህል ሽምብራ ከእሳቸው ወደ እኔ ዞረ፤ ትርፉ ቢመለስላቸውም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀባቸው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስታው አልመጣልኝም። በእጃቸው ሊኖር የሚችለውን ሁሉ ሳሰላ ውዬ፣ ሐረር ምን እንዳላቸው አንድ ጊዜ እንኳ አጥብቄ አልጠየቅኳቸውም ነበር። ጠየቅኳቸው።

«ባለቤቴ እዚያ ናት» አሉ ካርታውን እየሰበሰቡ። «ከተለያየን አራት ዓመት ሆነን። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር።»

እርስዎ ይሂዱ አልኳቸው። ከልቤ ይሁን ከይሉኝታ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

«ክርስትና ቀን አለው» አሉኝ። «የኔ እስከ ፋሲካ ይቆያል።»

በማግስቱ ልጄን አቀፍኩት። ጋሼ ፋሲካ ሲደርስ ሄዱ፤ በተባለው ቀን ግን አልተመለሱም። ርእሰ መምህሩ ሲያጉረመርም ሁለት ቀን ክፍላቸውን ሸፍኜ አስተማርኩላቸው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ባጃጅ ግቢው በር ላይ ቆመች። ጋሼ ወረዱና ከኋላ ለተቀመጡት ሴት እጃቸውን ዘረጉ። ሴትየዋ እጃቸውን ሳይዙ ብቻቸውን ወረዱ፤ ሻንጣቸውን ግን ለጋሼ ሰጧቸው።