የመኮንን እግርና የእኔ ሬዲዮ

መኮንንን ያሳነከስኩት እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም።

ሞተ ሲሉኝ አላመንኩም። ጎህ ሳይቀድ ሴት ልጁ ኮል አድርጋ «ጋሼ፣ አባዬ ተኝቶ አልነቃም» አለችኝ። ማታ እኮ በስልክ ስንሳሳቅ ነበር!

ለማታውቁት፣ እኔና እሱ እዚህ ዳላስና ፎርት ዎርዝ ሄሊኮፕተር በገመድ አንጠልጥሎ የሚያመጣውን ትልልቅ ኤሲ፣ የሕንፃ አየር ማቀዝቀዣ፣ ጣሪያ ላይ ቆመን እንቀበል ነበር። ሕንፃው ባዶ እንዲሆን ሥራው እሁድ ጠዋት ነው። ቅዳሴ ባመለጠን ቁጥር «እግዜር ጣሪያ ላይም ያየናል፣ አንተ ብቻ መውጫህን ያዝ» ይለኛል። ጭነቱ ሳይመጣ የምትሸሽበትን እወቅ ማለቱ ነው። ምግብ ቤትም ስንገባ «መውጫህን ያዝ»! ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና «አንተ ሰው፣ ክትፎው ይወድቅብናል እንዴ?» ትለው ነበር።

ፓይለቱን በሬዲዮ የማናግረው እኔ ነበርኩ። መኮንን «በሬዲዮ አማርኛ ተው» እያለ ስንቴ ለምኖኛል። እኔ ግን ቀልድ አላስችል ይለኛል። ሶ፣ አንድ እሁድ ነፋስ መጣና ጭነቱ ይሽከረከር ጀመር። ደንግጬ «አንሳው! አንሳው!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ። ፓይለቱ ምን ይወቅ? ዝቅ አደረገው። መኮንን ሮጦ ሳይወጣ እግሩን አገኘው።

አለቃችን ሲጠይቀኝ «ቶሎ አልሸሸም» አልኩ። መኮንን ሆስፒታል ተኝቶ።

ከዚያ ወዲያ ጣሪያ አልወጣም፤ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ነዳ። አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ «እንደ መኮንን እንዳትሆን» ይባላል። እኔ ቆሜ እሰማለሁ።

ባለቤቴ ስትሞት እያነከሰ ደረጃዬን ወጥቶ ሳምንቱን ሙሉ አጠገቤ ተቀመጠ። ያን እሁድ ጣሪያው ላይ ጩኸቴን በጆሮው ሰምቷል እኮ። አንድም ቀን አላነሳብኝም። እኔም ጥፋቴን በጸሎቴ ለእግዚአብሔር ስናገር ኖርኩ። ለእሱ መናገር ይቀላል፤ የከበደኝ አንተ ፊት ነበር፣ መኮንን።

ይቅር በለኝ ወንድሜ። አሁን ከላይ የሚወርድብህ ነገር የለም፣ ቀና ብለህ ሂድ። ደህና ሁን።

ዛሬም እሁድ ነው፣ እዚሁ ዳላስ አጠገብ ፍሪስኮ ሥራ ነበረን። ሄሊኮፕተሩ ሳይነሳ፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ አለቃው ፊት፣ በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ «መኮንን አላጠፋም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ ሬዲዮውን አውልቄ አስረከብኩ።