አረፍኩ አትበይኝ

ጋሽ ቦጋለን መካኒሳ አቦ አካባቢ የማያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት ከጎፋ መካኒሳ ሚኒባስ የነዳ ሰው ነው፤ መንገድ የሚለካው በደቂቃ ነው። ልጁ ሚካል ሲሸልስ ሆቴል ቤት ሥራ ስታገኝ እንኳ መጀመሪያ የጠየቃት «ከደሴት ደሴት ስንት ደቂቃ ነው?» ብሎ ነው።

የምትሠራው ፕራስሊን በምትባለው ደሴት ነው። ለጉዳይ ወደ ማሄ ደሴት የምትሻገረው በትንሽ አውሮፕላን ነው፤ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። «ከዚህ ደብረ ዘይት ማለት እኮ ነው!» ይላል ላገኘው ሁሉ። «እኔ በዚህ ደቂቃ ከጎፋም አልወጣም!» ይስቃል እንጂ ሆዱ አይስቅም። ከታች ባሕር ነዋ! ባሕር ላይ ዳር ይዞ መቆም የለም። ስለዚህ ስትነሳም ስትደርስም እንድትደውል ተስማሙ። የመጀመሪያ ቀን «አባዬ፣ አረፍኩ» ብትለው ጮኸባት። «ጠላትሽ ይረፍ! አረፍኩ አትበይኝ፣ ደረስኩ በይኝ!»

ባለፈው ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ልነሳ ነው» አለችው። አሥራ አምስት ደቂቃ አለፈ። ሰዓት ሞላ። ቢደውል ስልኳ ዝግ ነው። ጎረቤቱ ሸዋረገድ መጥታ አብራው ተቀመጠች። «ባትሪ ጨርሳ ነው ወንድሜ፣ አታሟርት» እያለች ስታጽናናው አመሸች።

አርብ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት የዕድሩ ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢ ደርበው፣ ወይዘሮ ትሩፋት ነጠላዋን አጣፍታ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አቋቋም የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ይጠፋዋል? በሩን ያዘ።

«ቦጋለ፣ ልበስና ውጣ» አለ የዕድሩ ሰብሳቢ በንቲ። «የሸዋረገድ ልጅ፣ ሐዋሳ ያለው ታሪኩ፣ በድንገት ታሞ ትናንት ከሰዓት አርፏል። ያለ አንተ መርዶውን ማን ይነግራታል?»

«ተመስገን!» አለ ጋሽ ቦጋለ።

አምልጦት ነው። ሁሉም ሰሙት፤ ቀና ብሎ ያየው ግን የለም። እሱ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሴትዮዋ ትናንት ማታ እሱን ስታጽናና የገዛ ልጇ አርፎ ነበር።

መንገድ ላይ ስልኩ ነዘረ፤ የሚካል መልእክት ነው። «አባዬ፣ ደረስኩ። ማታ ስልኬ ዘግቶብኝ ነው፣ ይቅርታ።» ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

ሸዋረገድ በሩን ከፈተች። ቀድማ ያየችው እሱን ነው፤ የፊቱን መገርጣት፣ ከኋላው የቆሙትን ሽማግሌዎች።

«ውይ ወንድሜን! ውይ ወንድሜን!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ሚካልዬ አልደረሰችም?»

«ደርሳለች» አላት።

እጇ ላላ። በትከሻው በኩል ትሩፋትን አየች፣ በንቲን አየች።

«ታዲያ የመጣችሁት ለማን ነው?» አለች።