በመኩሪያ ስም

መኩሪያ ሲምል የሰማ ሰው ጋራ የሚናድ ይመስለዋል። ልጁ ኢጋል በጠርሙስ ሰው ፈንክቶ አራት ዓመት የተፈረደበት ዕለት፣ «ከእንግዲህ ልጅ የለኝም፤ ዓይኑንም አላይም!» ብሎ ማለ። ወሩ ሳያልቅ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ከሚኖሩበት ሰፈር ከክፋር ግቢሮል እስከ ፖስታ ቤቱ በእግሩ ወርዶ፣ ለካንቲና ሁለት መቶ ሸቅል አስገባለት። እስረኛ ሳሙናውንም፣ ሲጋራውንም፣ የስልክ ካርዱንም የሚገዛው ከእስር ቤቱ ካንቲና ነው፤ ገንዘቡን የሚያስገባለት ደግሞ ዘመድ ነው። ሚስቱ አምሳለ ሁሉንም አይታ እንዳላየች ሆነች። ወንድ ከመሐላው ሲሸሽ መንገድ ይለቁለታል እንጂ ወዴት ነው አይሉትም።

እንዲህ ሁለት ዓመት ሄደ። መኩሪያ ልጁን አንድም ቀን ሊጠይቀው አልሄደም፤ ከልጁ ስልክ ሲደወልም ብድግ ብሎ ወደ በረንዳ ይወጣል። ገንዘቡ ግን አንድም ወር አልቀረም። እስር ቤት በሚደርሰው ወረቀት ላይ የከፋዩ ስም ስለሚጻፍ፣ ኢጋል ወረቀቱን «የአባባ ደብዳቤ» ይለው ነበር።

«እማ፣ ስወጣ እንደ አገራችሁ ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ላይ እወድቃለሁ» ይላታል። «ያን ጊዜ ይቅር ይለኛል፣ አይደል?»

«እንዴት አይልህ» ትለዋለች።

በሐኑካ በዓል ሰሞን መኩሪያ ደረቱን ያዘና ሳይነጋ ሞተ።

ለቅሶው ላይ የሟቹ ታላቅ ወንድም አያ ማለደ አምሳለን ወደ ጓዳ ጠርተው፣ «የልጁን ነገር እንዴት እናድርግ?» አሏት።

«አይነገረውም» አለች። «ብረት ተዘግቶበት፣ በባዕድ መካከል፣ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል? ሲወጣ ሽማግሌ ሰብስበው ያረዱታል።»

መርዶ ወግ አለው። በማለዳ፣ ዘመድ ዙሪያውን ከቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ለብቻ መርዶ መስማትን ለጠላትም አይመኙትም። አያ ማለደም «ልክ ነሽ» አሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነበር።

በወሩ መጨረሻ አምሳለ የመኩሪያን መታወቂያ ይዛ ፖስታ ቤት ሄደች። ሊያት የምትባለው ሠራተኛ ባልና ሚስቱን ታውቃቸዋለች፤ መታወቂያውን ሳታየው «እንደ ሁልጊዜው በመኩሪያ ስም?» ብላ ጻፈች። ልጇን በምትጠይቅበት የቀጠሮ ቀን ደግሞ አምሳለ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ጥቁር ሻሿን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፤ ነጩን ታስራለች። ኢጋል «አባባስ?» ሲላት «ወገቡን ያመዋል» ትላለች። ስትመለስ እዚያው አውቶቡስ መቆሚያ ላይ ጥቁሩን መልሳ አስራ የሆዷን ታለቅሳለች። ሦስት ወር እንዲህ ቻለችው።

በአራተኛው ወር ሊያት አልነበረችም። በቦታዋ የተቀመጠው ኦረን የሚባል ጎልማሳ መታወቂያውን ተቀብሎ ኮምፒዩተሩን አየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በዕብራይስጥ «ጌቬሬት» ብሎ በአክብሮት ከጠራት በኋላ፣ «ይህ ሰው አርፏል እኮ። በራስሽ ስም ልጻፈው?» አላት። ሰልፉ ከኋላዋ ረዝሟል። ገንዘቡ ካልገባ ደግሞ ልጇ ካርድ አይገዛም፤ ካርድ ካልገዛ አይደውልም።

«ቤሰደር» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው።

ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበቱ ሻባት ከመግባቱ በፊት ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው።»

«ወገቡ ጸንቶበት ነው፣ ልጄ።»

«አባባ እየዳኸም ቢሆን ይሄዳል እንጂ አንቺን አይልክም። ምንድን ነው የሆነው?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አምሳለ ላይ ግን ከሰዓት በኋላ ነጋባት። ያሰበችው ማለዳ፣ ያሰበቻቸው ሽማግሌዎች፣ አንዳቸውም የሉም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አጠገብህ ማን አለ?»

«ኢዳን ነው፣ አብሮኝ የታሰረው።»

«ጥራው። ይያዝህ።»

«እማ…»

«ይያዝህ አልኩህ! ይዞሃል?»

«ይዞኛል።»

«አባትህ ሞቷል።»

ልጇ ሲጮህ ለመስማት ጠበቀች። እሱ ግን «መቼ?» አላት።

«በሐኑካ።»

«በሐኑካ…» አለ ቀስ ብሎ። «እማ፣ አምና የኢዳን እናት ስትሞት ለቀብር አውጥተውት ነበር። ሁለት ጠባቂዎች ይዘውት ሄደው፣ በገዛ እጁ አፈር አልብሷት ተመለሰ። ብትነግሪኝ እኔንም ያወጡኝ ነበር። አባባን እቀብረው ነበር።»

አምሳለ ይህን አታውቅም ነበር። የነገራት ሰው የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። እስረኛ ከገባ ገባ ብላ ነው የኖረችው። አዝኜለት ሸሸግሁት ያለችው ነገር የአባቱን ቀብር የነጠቀችበት ሆኖ አገኘችው፤ ያም በምንም አይመለስም።

«ልጄ፣ እኔ እኮ…» ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ካርዱ ነው ያለቀው ብላ ማመን ፈለገች።

እሑድ ፖስታ ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«በማን ስም?» አላት ኦረን።

«በእናቱ።»

ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው። ጥቁር ሻሿን አውቶቡስ መቆሚያው ላይ አታወልቅም። ድንጋይ ተሸክማ እግር ላይ የምትወድቀው አሁን እሷ ናት፤ በእስር ቤቱ ፍተሻ ግን ድንጋይ አያሳልፉም።